ጉበት የአራጅ ነው

በሬ በታረደበት ደጃፍ ሁሉ ሳይጠራ የሚገኝ አንድ ሰው የሌለው አገር እስካሁን አልተፈጠረም። ቆላ ውረዱ፣ ደጋ ውጡ፤ ሰርግ ይሁን ተዝካር፣ በሬው ገና ከበረቱ ሳይወጣ ይኸ ሰው ከጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ቢላዋውን ሲስል ታገኙታላችሁ። ማን ጠራህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ዝንብንስ ማን ጠራሽ ይሏታል?

መተማ ዮሐንስ የደረሳት የዚህ ዘር አውራው ነበር። ስማቸው ደምለው፣ ማዕረጋቸው ሊቀ ጉበት። ሹመቱን የሰጣቸው ንጉሥም ጳጳስም አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ነው፣ ያውም ከጀርባቸው። ፊት ለፊት ግን "አያ ደምለው" ይባላሉ፣ ከመቀመጫም ይነሡላቸዋል። ረዥምና ከሲታ ናቸው። ያ ሁሉ የበሉት ጉበት የት እንደገባ ያወቀ ሰው የለም። በወገባቸው ሻጥ ያደረጓት ቢላዋ ከመሳል ብዛት ተበልታ ቀጥናለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ አጥር ሥር ሸጉጠዋት ይገባሉ እንጅ ቤት ትተዋት አይወጡም።

አንድ ቃል ነበራቸው። "ጉበት የአራጅ ነው፤ ሕግ ነው።" የማን ሕግ እንደሆነ ለጠየቀ ሰው፣ አባቶቻችን ከጎንደር ይዘውት የወረዱት ነው ይላሉ። ኮኪት በሚባለው መንደር አንድ ሰርግ ላይ ባለቤቱ የራሱን አራጅ አዘጋጅቶ ነበር። ሊቀ ጉበት ሄደው የበሬውን ቀንድ ያዙ። በሬው ከወደቀ በኋላ "ቀንድ የያዘም አራጅ ነው" አሉና ግማሹን ጉበት ወሰዱ። ያኛው አራጅ እጁን ሊታጠብ ዘወር ሲል ሌላው ግማሽም አልተገኘም። የገዛ አማታቸው የተቀበሩ ዕለት ደግሞ ከልባቸው አለቀሱ፤ ሁለት ሰው ደግፎ ያዛቸው። በልቅሶው መካከል ቀና ብለው፣ "ለተዝካሩ በሬውን የሚጥለው ማነው?" አሉ።

ይኸስ ይሁን። ሰው በሆዱ ቢጠፋ ብርቅ አይደለም። የማይቻለው፣ ስለ በሬ ሆድ ዕቃ ማወቃቸው ስለ ሰውም ያወቁ አስመስሏቸው መድኃኒት ማዘዛቸው ነው። የሰፈሩን ሳል፣ የሰፈሩን ወባ፣ ያረገዘችውን ሁሉ እሳቸው ያውቃሉ። ሰውየው ቢድን "ብያለሁ" ይላሉ። ቢሞት ደግሞ "ብየው ነበር" ይላሉ።

ጣልያን መተማን በያዘ በሦስተኛው ዓመት በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ አንጀቷ ያረረው አየሁሽ የምትባል ሴት ናት። የወይዘሮ ጸዳለ አንድያ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር የሰሊጥ ማሳቸውን እያረሱ ይኖራሉ። እናትዮዋ ታመሙ። የሕመሙ ነገር እንዲህ ነው፤ ይበላሉ። አየሁሽን የሚያሳብዳት ይኸው ነበር። የማሽላ እንጀራውን በወተት ይበላሉ፣ ዶሮውን ይበላሉ፣ እንቁላሉን ይበላሉ፤ ግን የበሉት አይሆናቸውም። ፊታቸው ነጥቶ ነጥቶ የሎሚ መልክ አመጣ። ምላሳቸው ተልጦ ስለለሰለሰ በርበሬ ያልነካው አልጫ እንኳ ያቃጥላቸዋል። ከበረቱ እስከ ቤቱ ሲሄዱ ልባቸው ይመታል። እግራቸው ደግሞ ደነዘዘ፤ ጫማቸው ወልቆ መንገድ ላይ ሲቀር አያውቁትም።

ጎረቤቱ ግን ያወቀ መሰለው። "አትመግቢያትም እንዴ?" ይላታል አንዱ። "እናት እኮ አንድ ናት" ትላታለች ሌላዋ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። ጠዋት ያጎረሰችበት እጇ ሳይደርቅ ከሰዓት በኋላ በእናቷ ላይ እህል የምትቆልፍ ሴት እየተባለች ትታማለች። ከዚህ የባሰ ግፍ ካለ ይምጣ።

በዚህ ላይ ሊቀ ጉበት መጡ። የወይዘሮ ጸዳለን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ሳብ አድርገው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ኮሶ ነው። ትሉ ነው የሚበላባት።"

"አያ ደምለው፣ ትል የለባትም። ባለፈው ዓመት ጠጥታለች" አለች አየሁሽ።

"አንች የትሉን አመል ታውቂያለሽ? እኔ የስንት በሬ አንጀት የገለበጥሁ ሰው ነኝ።"

ኮሶውን ራሳቸው አመጡ፣ ራሳቸው በጠበጡ፣ ራሳቸው ቆመው አስጠጡ። ወይዘሮ ጸዳለ ከዚያ በኋላ ለቀናት ከመደብ ላይ አልተነሡም፤ ቄስ እስከ መጥራት ተደረሰ። ሊቀ ጉበት ከደጅ ብቅ ብለው እንዴት ናት አሉ። ሞታ ነበር አለቻቸው አየሁሽ። "ትሉ ግትር ነው" ብለው ሄዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስማቸው ሲጠራ ጥርሷን ትነክሳለች።

ከድንበሩ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ እንግሊዝ በሚገዛው ገላባት፣ አንዲት ትንሽ ሕክምና ቤት ነበረች። መሐመድ የሚባል ሱዳናዊ ሐኪም ይሠራባታል፤ ከገበያተኛ የለመደው አማርኛ ነበረው። አየሁሽ እናቷን በአህያ አሻገረች። ሐኪሙ የወይዘሮ ጸዳለን ምላስ አየ። እግራቸውን በመርፌ ጫፍ ጠቅ ቢያደርግ ዘወር ብለው አላዩትም። ከጣታቸው ጠብታ ደም ወስዶ በመስተዋት ላይ አድርጎ በማጉያ መነጽር እያየ ብዙ ቆየ።

"ያ ብቲ" አላት፣ ልጄ ማለቱ ነው። "እናትሽ ትበላለች። አንችም ታበያለሽ። ጥፋት የለብሽም።"

አየሁሽ እዚያው አለቀሰች። ይኸን የነገራት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

"ምግብ ውስጥ ደም የሚሠራ አንድ ነገር አለ" አለ ሐኪሙ። "በጤነኛ ሰው ጨጓራ እሱን ተቀብሎ የሚያስገባ በረኛ ይገኛል። እናትሽ ጋ በረኛው የለም። ምግቡ ደጅ ላይ ቆሞ ቆሞ ያልፋል።"

"በረኛው የት ሄደ?"

"አላህ ያውቃል። ትልልቆቹ ሐኪሞችም ገና አላወቁም።"

ከብዙ ዘመን በኋላ የተማሩት ደረሱበት። በረኛውን የሚያጠፋው የሰውነት የገዛ ዘበኛ ነው። ከበሽታ ሊጠብቅ የቆመው ዘበኛ ልቡን ስቶ፣ በረኛውን የሚያሰማራውን የጨጓራን ቤት በጠላትነት ያጠቃል፤ ተርፎ የወጣውንም በረኛ እንግዳውን ሳይቀበል እጁን ይይዘዋል። በዚያን ጊዜ መተማ ለነበረ ሰው ይኸን ማስረዳት ከባድ አይሆንም ነበር። የጣልያን ጠብመንጃ አንግቶ የጎረቤቱን በር የሚሰብር የአገር ልጅ በየቀኑ ያይ ነበርና።

"መድኃኒቱ ጉበት ነው" አለ ሐኪም መሐመድ። "በየቀኑ አንድ ሳህን፤ እሳት ለይምሰል ብቻ የነካው። ብዙ ከሆነ በረኛ ባይኖርም ጥቂት ጥቂቱ በአጥር ሾልኮ ይገባል። የጉበት መርፌ ከካርቱም ጠይቄአለሁ፤ እስኪመጣ ይኸን ትብላ። ካቆመች ግን ትሞታለች።"

ጉበት። ከነገሩ ሁሉ ጉበት። አየሁሽ አህያዋን እየነዳች ስትመለስ መንገዱን ሙሉ በንዴት ትስቅ ነበር። በመተማ ጉበት ማለት ደምለው ማለት ነው።

የዐቢይ ጾም ቅበላ ነበርና በማግስቱ ጎረቤቶቿ እነ ውባንተ ቅርጫ ጣሉ። አየሁሽ ሳህኗን ይዛ ሄደች። ወንዶቹ ቆዳውን ከበው ቆመዋል። ሊቀ ጉበት ጉበቱን በግራ እጃቸው አንጠልጥለው፣ ሐሞቱን እያንጠባጠቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ።

"አያ ደምለው፣ ጉበቱን ለናቴ ይስጡኝ። ሐኪም አዞላት ነው።"

"ጉበት የአራጅ ነው፤ ሕግ ነው" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ደግሞ ጉበት ከባድ ነገር ነው፤ በሽተኛ አይችለውም። ይኸ ሐኪም ነኝ ያለሽ ሰው በሬ አርዶ ያውቃል? እናትሽ የሚያስፈልጋት አንድ ኮሶ ነው።"

ወንዶቹ ሳቁ። ሴት ልጅ ጥሬ ጉበት ለመነች የሚባል ነገር ከዚያ በፊት ተሰምቶ አይታወቅም። አየሁሽ "ይነቅዎት" አለችና ባዶ ሳህኗን ይዛ ወጣች። እውነት ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ቢያንቃቸው ኖሮ አታዝንም ነበር።

ከዚያ ወዲያ የቀረ አንድ በር ነው። ሼህ ሷሊህ ሱቅም አላቸው፣ ከብትም ያርዳሉ፤ ለእስላሙ ሰፈርና ለጣልያን ካምፕ ሥጋ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። በሁዳዴ በመተማ ሥጋ የሚገኘው በእሳቸው ደጅ ብቻ ነው። ችግሩን ሕፃንም ያውቀዋል፤ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውንም እስላም አይቀምስም። ወይዘሮ ጸዳለ ደግሞ ሞትን ይመርጣሉ እንጅ አፋቸው ላይ አያደርሱትም።

"ጉበት ይሽጡልኝ" አለች አየሁሽ። "ክርስቲያን ያረደው ነው ብዬ አበላታለሁ።"

ሼህ ሷሊህ ሚዛናቸውን ወደ ጎን ገፉ።

"ወላሂ፣ ለውሻ እወረውረዋለሁ እንጅ በውሸት አልሰጥሽም። እናትሽ ነገ ድና ብትሰማ እኔ አዳንኋት ማለት ነው ወይስ ገደልኋት? ማሌሽ፣ አይዞሽ ልጄ። ወደ ቤትሽ ግቢ፣ እኔ ላስብበት።"

ጾሙ ገባ። የንስሐ አባታቸው አባ ገብረማርያም መጥተው፣ ለመድኃኒት ነውና ፈትቻታለሁ፣ ብቻ ክርስቲያን የባረከው ይሁን አሉ። "በሁዳዴ የትኛው ክርስቲያን ነው የሚያርደው፣ አባ?" አለች አየሁሽ። ፈቃዱ ተገኘ፣ ጉበቱ የለም። ወይዘሮ ጸዳለ ግድግዳ ሳይዙ መቆም አቅቷቸው ነበር። አየሁሽ ማታ ማታ ስትጸልይ ልመናዋ ከስሞታ ጋር እየተቀላቀለ ያስቸግራት ጀመር።

አንድ ጠዋት መስቱራ፣ የሼህ ሷሊህ ሚስት፣ ክዳን ያለው ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። ውስጡ ትኩስ ጉበት ነበረ።

"በስመ አብ ተብሎ የታረደ ነው" አለች። "በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናትሽ ሳይሰጉ ይብሉ።"

"ማነው ያረደው?"

"አራጁን አትናገሪ ተብያለሁ። እናትሽ በሁዳዴ ሥጋ በሉ ተብሎ ስማቸው ገበያ እንዳይወጣ ነው።"

በማግስቱም መጣች። በየቀኑ መጣች። ወይዘሮ ጸዳለ አማትበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበላሉ። አየሁሽ ለማታውቀው አራጅ ዕድሜ ትለምንለታለች።

በዚያው ሰሞን ከተማው ሌላ ወሬ አገኘ። ሊቀ ጉበት ደምለው ለጣልያን ያርዳሉ። በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሼህ ሷሊህ በረት ደም የነካ ቢላዋ ይዘው ሲወጡ ታይተዋል። ጉበቱንም አልተዉለትም አሉ፤ ከካምፑ ወጥ ቤት ጋር ተናንቀው ይወስዱታል፣ በጾም። ሰው ሆዳም ነው ሲባል ይኸን ያህል ነው? ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ሰዉ ዘወር ይላል። ሰላምታቸውን የሚመልስ ጠፋ። መስቀል የሚያሳልሟቸው አባ ገብረማርያም ብቻ ናቸው፤ በዚህም አባ ራሳቸው ታሙ።

ከሁሉ የባሰው የአየሁሽ ነው። በቅበላው ዕለት ለሞት የደረሰች እናቷን ጉበት የነፈጉ ሰው፣ አሁን ለአገር ጠላት አርደው በጾም ይበላሉ! ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ጠበቀቻቸው።

"አያ ደምለው፣ ሆድዎ ከአገርዎ በለጠብዎ። ከእግዜርም በለጠብዎ። እኔ እርስዎን ብሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።"

ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ሊቀ ጉበት ያቺን ቀጭን ቢላዋ ከአጥሩ ሥር አውጥተው ወገባቸው ላይ ሻጥ አደረጉ።

"ጉበት የአራጅ ነው" አሉ። "ሕግ ነው።" ብለው መንገዳቸውን ሄዱ።

ጾሙ ተጋምሶ ጥቂት እንዳለፈ፣ አየሁሽ ከማድጋው ውኃ ስትቀዳ የእናቷን ጩኸት ሰማች። ሮጣ ስትወጣ ወይዘሮ ጸዳለ ከበረቱ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይዘዋል።

"እሾህ ወጋኝ" አሉ፣ እንባቸው እየወረደ። "አየሁሽ፣ እሾህ እኮ ወጋኝ።"

ያችን እሾህ እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱላት። የግራር እሾህ እንዲህ ያለ አክብሮት አግኝቶ አያውቅም። ለካስ ፊታቸውም ቀልቷል፤ ምላሳቸውም በርበሬ መቻል ከጀመረ ሰንብቷል። ከበረቱ ድረስ ግድግዳ ሳይዙ መሄዳቸውን ሁለቱም ያስተዋሉት ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ አየሁሽ መስቱራን አልጠበቀችም። አራጁ ማንም ይሁን ማን እግሩን ልትስም ጎህ ሲቀድ ወደ ሼህ ሷሊህ በረት ሄደች። ከአጥሩ ጥግ ስትደርስ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ የሚል ድምፅ ሰማች። ድምፁን ታውቀዋለች። ብትጠላም ታውቀዋለች።

ሊቀ ጉበት ወይፈኑን ጥለው አርደዋል። የካምፑ ወጥ ቤት፣ ነጭ ሽርጥ የታጠቀ ወፍራም ጣልያን፣ ጉበቱን ለሹሜ እፈልጋለሁ የሚል ይመስላል፣ እጁን ዘርግቶ ይጮኻል። እሳቸው ጉበቱን ከጀርባቸው ደብቀው፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ አንድ ለእናቱ የሆነውን ሕጋቸውን ይነግሩታል። ጣልያኑ ጮኾ ጮኾ ደከመውና እጁን አወናጭፎ ተወው። ከዚያ ጉበቱን ወደ ብርሃን አንሥተው አገላብጠው አዩ። ትል የነካው ነጥብ ያለበትን ጥግ ቆርጠው ጣሉ። የቀረውን አጥበው በመስቱራ ሳህን ላይ አኖሩና ጣታቸውን እንኳ ሳይልሱ በአሸዋ ፈተጉት። እሳቸውም እንደ ማንም ክርስቲያን እስከ ሰዓቱ እየጾሙ ነበር።

አየሁሽ አጥሩን ይዛ ቀረች። መስቱራ አይታት ወደ አጥሩ መጣች።

"ከቅበላው በኋላ ነው" አለች በሹክሹክታ። "እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አያ ደምለው ከኋላ ነበሩ። የእናትሽ ጫማ ወለቀ፣ እሳቸው አላወቁም፤ በባዶ እግራቸው የእሾህ አጥር ረግጠው ዝም ብለው አለፉ። አያ ደምለው ጫማውን ይዘው እኛ ቤት መጡ። ከብት እንኳ ሰኮናውን ያውቃል፣ እኔ ይኸችን ሴት ኮሶ አጠጣኋት አሉ። የዚያን ቀን ሲያለቅሱ አየሁ። ሷሊህ የሚያርድ ክርስቲያን አጣሁ ሲላቸው፣ ጣልያን ማንም ቢያርደው ይበላል፣ እኔ አርዳለሁ አሉት።"

አየሁሽ ምን ትሆን? ሮጣ እግራቸው ላይ ትውደቅ? ትናንት በሕዝብ ፊት የሰደበቻቸውን ዛሬ በሕዝብ ፊት እንዳታነሣው፣ የእናቷ ስም ይወጣል። እሳቸውም የሚፈልጉት ዝምታዋን ነው። ተመልሳ ሄደች፤ እየሄደች ግን እንደ ልማዷ ተቆጣች። ሰው በሰላም የሚጠላው አንድ ሰው እንኳ ይነጠቃል?

ፋሲካ ደረሰ። በየሰፈሩ በሬ ተጣለ፣ ሊቀ ጉበትን ግን የጠራ የለም። ሳይጠሩ መሄድ ልማዳቸው ነበር፣ ዘንድሮ አልሄዱም። ጾም ለሻረ፣ ለጣልያን ላረደ እጅ በሬ አይሰጥም ተብሎ ተነግሯል። በገዛ ደጃቸው ተቀምጠው፣ የሚታረድ ነገር ሳይኖር፣ ቢላዋዋን ይስላሉ።

አየሁሽ የእናቷን ሙክት ፍየል ከበረት አወጣች። በጓሮ የሚያቋርጥ መንገድ ነበረ፣ አልሄደችበትም። በገበያው መካከል፣ እነ ውባንተ ቅርጫ በሚካፈሉበት በኩል ጎተተችው። ወንዶቹ ፊት ስትደርስ ቆመች።

"የአያ ደምለው ቤት በየት በኩል ነው?" አለች፣ አገር እንዲሰማ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ቤት።

"ለምን ፈለግሻቸው?" አለ ውባንተ።

"ፍየል ላሳርድ። ከእሳቸው እጅ ሌላ አንበላም።"

ማንም አልሳቀም። ያቺ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የሰደበቻቸው ሴት መሆኗን ሁሉም ያውቃል፤ እሷ ይቅር ያለችውን ማን ይዞ ይቀራል? ውባንተ መንገዱን በእጁ አሳየ። ጥቂት ቆይቶም፣ ከርቀት ሆኖ፣ ተከተላት።

ሊቀ ጉበት ሲያዩአት ተነሡ። ታመሰግናለች ብላችሁ አትጠብቁ፤ እሳቸውም አልጠበቁም።

"ፍየል እንዲህ ነው የሚጎተት?" አሉ። "አንገቱን አንቀሽ ገደልሽው እኮ። እናትና ልጅ አንድ ነገር አታውቁም።"

አየሁሽ እንደ ገና ደሟ ፈላ። ገመዱን ወርውራላቸው ወደ ቤቷ ቀደመች። እሳቸው ፍየሉን እያባበሉ፣ ገበያውን ዞረው፣ እያንዳንዱን ሰላም እያሉ ወደ ወይዘሮ ጸዳለ ደጅ መጡ። አንዳንዱ መለሰ።

አረዱ፣ ገፈፉ። ጉበቱን አንሥተው ወደ ብርሃን አገላበጡት። ወይዘሮ ጸዳለ ከደጃፉ ተቀምጠዋል፤ አየሁሽ ሳህን ይዛ ቆማለች።

"ጉበቱ የማን ነው፣ አያ ደምለው?" አለቻቸው።

"የአራጅ ነው። ሕግ ነው" አሉ። ጉበቱንም ሳህኑ ላይ አኑረው ከወይዘሮ ጸዳለ ፊት አስቀመጡት። "አራጁ ደግሞ ለወደደው ይሰጣል። ይኸም ሕግ ነው።"

ወይዘሮ ጸዳለ አተኩረው አዩዋቸው። ማን ሲያበላቸው እንደ ከረመ ያኔ ገባቸው። ከጫፉ አውራ ጣት የምታህል ቆርጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ እንደ ሕፃን አጎረሷቸው። ሊቀ ጉበት ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አኘኩ፣ ብዙ ቆዩ። የሆነ ነገር በጉንጫቸው ወረደ፤ በመዳፋቸው ጠረጉት።

"ሐሞት አንሶታል" አሉ።

አየሁሽ በዚህች ቃል ላይ የምትመልሰው ብዙ ነበራት። እያጉረመረመች ሐሞቱን ልታመጣ ተነሣች።